ላስቲክ የገባበት እጅጌ

እኔ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ፤ ይህንን ተማሪዎቼም፣ ባለቤቴም፣ ልብስ ሰፊዬም አሳምረው ያውቁታል። አንድ ቀን ወገቡን ሰፋ እንዲያደርጉልኝ የሰጠሁትን ሱሪ ልወስድ ደረጃውን በጥድፊያ ስወጣ፣ ነጭ ጋውን በክንዷ ያንጠለጠለች ወጣት ገጭቼ ልጥላት ነበር። ይቅርታ ብጠይቃት፣ እሷም ወደ ልብስ ሰፊዋ እንደምትሄድ ነገረችኝ። የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሆና ትሠራለች።

«የጋውኔ ኪስ ተቀዶ ነው፤ አክስቴንም ካየኋቸው ቆየሁ» አለችኝ።

አክስቷን ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ መቀስ» ይላቸዋል። መቀሳቸውም ምላሳቸውም አንድ ዓይነት ስለት ስላላቸው ነው። ስንገባ ትልቁን መቀስ በጨርቅ እየጠቀለሉ አገኘናቸው። በዚያ ሙቀት ቀኝ ክንዳቸውን በወፍራም ሻርፕ ሸፍነውታል። ከስፌት መኪናው መርፌ በታች ጨርቅ የለም፤ እግራቸው ግን ፔዳሉን ይረግጣል፣ መኪናው ባዶውን ይንቀጠቀጣል።

«ሱሪዬስ?» አልኩ፣ ሰላምታው ሳያልቅ።

«ሱሪህን ታች ላለው ልብስ ሰፊ ውሰድለት። መቀሱንም ዛሬ መጥቶ ይወስዳል። እኔ በቃኝ፤ ጣቴ መቀሱ ውስጥ አልገባ አለ።»

የሚያሾፉ መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ተውኩት። ይህች ሴት ከተማሪነቴ ጀምሮ ልብሴን የሰፉልኝ ናቸው። ያለ መቀስ ምን ሆነው ሊውሉ ነው?

ልጅቱ ሻርፑን ገለጥ አደረገችው። ክንዱ ከግራው እጥፍ ሆኖ አብጧል፤ ላዩ ላይ ደግሞ ጥንቅቅ ብሎ የተሰፋ እጅጌ አለበት። የጡት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ከብብታቸው ንፍፊት እንደወጣላቸው እናውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ክንዳቸው ማበጡን ግን ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

«አክስቴ፣ ይህን እጅጌ ማን ሰፋልዎት?»

«ማን ይሰፋልኛል? እኔው ነኛ፣ በግራ እጄ። እብጠቱ ወደ ትከሻዬ እንዳይወጣ ከላይ ጠበቅ ያለ ላስቲክ አስገባሁበት።»

እውነቱን ለመናገር ለእኔም ትክክል መስሎኝ ነበር፤ የተማረ ሰው ሁሉ ሁሉን ያውቃል ያለው ማን ነው? ልጅቱ ግን ሁለት ጣቷን ከላስቲኩ ሥር ልታስገባ ሞከረች፤ አልገባም።

«አክስቴ፣ እኛ እኮ እብጠቱ እንዲሄድ የምንፈልገው ወደ ላይ ነው። መውጫውን ነው ያሰሩት። ከደም ሥር ሌላ፣ ከቆዳችን በታች ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ የሚሄድባቸው ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ፈሳሹ ከእጅ ተነሥቶ በብብት ያልፍና አንገት ሥር ከደም ይቀላቀላል። ንፍፊቱ ሲወጣ የብብትዎ መንገድ ጠበበ፤ ስለዚህ ፈሳሹን በእጅ እያባበልን ሌላ መንገድ እናሳየዋለን።»

«ማሸት ከሆነማ አልቀረብኝም። ጎረቤቴ ጉልበቷ የበሬ ነው፤ እስክጮህ ድረስ ነው የምታሸኝ። እንባ ካላመጣ ምኑን ታሸሁት?»

«ያኛው ለዚህ አይሆንም፤ እንዲያውም ይጎዳል። እነዚህ መስመሮች ስስ ናቸው፣ ከቆዳው ብዙም አይርቁም። እጃችን ቆዳውን ሳብ አድርጎ መልቀቅ ብቻ ነው ያለበት። ደግሞ የምንጀምረው ከክንዱ ሳይሆን ከአንገትና ከደህናው ብብት ነው።»

«ጉድ ነው። የታመመው ክንዴ፣ የምትነካኪው አንገቴን። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የተባለው ወደው አይደለም።»

ልጅቱ አልተቀየመችም። «በር ላይ ሰው ሲጨናነቅ ከኋላ ቢገፉት ይብስበታል። መጀመሪያ በሩ አጠገብ ያሉት ይውጡ፤ የኋላው ይከተላል» አለች።

የእትዬ መቀስ እግር ፔዳሉን ይበልጥ አፈጠነው። የመኪናው ድምፅ ጥርሴን ያሳክከኝ ጀመር።

«በአጭሩ ይድናሉ ወይስ አይድኑም?» አልኩ ትዕግሥቴ አልቆ።

«ጨርሶ ይጠፋል ብዬ አልዋሽም፤ መመለስ የሚወድ ነገር ነው» አለች። «ቶሎ ከተያዘ ግን ይቀንሳል፣ እጅም ሥራ ይሠራል። ማሸቱም ብቻውን አይበቃም። የእጅ እንቅስቃሴ አለው፣ ቆዳን ከቁስል መጠበቅ አለው፣ ተለክቶ የሚታዘዝ እጅጌም አለው። ከዚያ ሁሉ በፊት ሐኪሙ ይያቸው። ትኩሳት ካለ፣ ክንዱ ከቀላና ከጋለ፣ ድንገት ካበጠ፣ ማንም እጁን አያሳርፍበትም።»

«ጤነኛ ሰውስ? ለምሳሌ ቦርጭ ያጠፋል?» አልኩና ሳላስበው እጄ ወደ ቀበቶዬ ሄደ።

«ለጤነኛ ሰው ዘና ያደርጋል፣ እንቅልፍም ያመጣል፤ እሱን አልክድም። መርዝ ያጥባል፣ ያከሳል የሚሉትን ግን አይስሙ፣ መምህር። ቦርጭ በማሸት አይጠፋም።»

እትዬ መቀስ እኛን መስማት ትተው ነበር። «እጅጌ ይታዘዛል ነው ያልሽው? ምን ዓይነት?» አሉ።

«የእጅ አንጓ ላይ ጠበቅ ይላል፤ ወደ ላይ ሲሄድ እየላላ ነው።»

«ከታች ጠበቅ፣ ከላይ ላላ?»

«አዎ።»

ፔዳሉ ቆመ። «ገልብጬ ነዋ የሰፋሁት» አሉ በቀስታ።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ ያን ሁሉ ጊዜ የደበቁትን ተናገሩ። «ቢያዩት ይቆርጡታል ብዬ ነው የቀረሁት። ሐኪሙ ተመልሰሽ ነይ ብሎኝ ነበር። ፈራሁ፣ ልጄ። በዚህ እጅ ነው አባትሽን ያሳደግኩት።»

ልጅቱ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የሚቆርጠው ማንም የለም፣ አክስቴ። አብሬዎት እገባለሁ» አለቻቸው።

እትዬ መቀስ ምላጭ አነሡና በግራ እጃቸው ላስቲኩን ከራሳቸው እጅጌ ላይ መፍታት ጀመሩ። እንርዳዎት ብንላቸው፣ «የሰፋሁትን እኔው እፈታዋለሁ» አሉ። ላስቲኩ ሲለቅ ክንዳቸው ላይ እንደ ቀለበት የሰረጎደ ምልክት ታየ። በዚህ መሀል የታችኛው ልብስ ሰፊ መቀሱን ሊወስድ በሩ ላይ ደረሰ። «ለምን መጣህ?» አሉት። «መቀሱን ውሰድ ብለውኝ…» ቢል፣ «ያለችህ የትናንትናዋ ሴት ናት፤ እሷን ፈልጋት» ብለው መለሱት።

ሱሪዬ እዚያው ቀረ። እኔም የሌላውን ሱሪዬን ቁልፍ ከፍቼ፣ ላዩን በኮት ሸፍኜ ሳስተምር ከረምኩ። በሄድኩ ቁጥር «ደረሰ ወይ?» እላለሁ፤ እሳቸውም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉኛል። የወንድማቸው ልጅ ሐኪሙ ዘንድ አስገብታቸው፣ ሕክምናውን ጀምረው ነበር። ጎረቤታቸውም ጉልበቷን ለልብስ አጠባ ትታ፣ ለስለስ ያለውን አነካክ ከልጅቱ ተማረች። አንድ ቀን ብገባ ሱሪዬ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አውራ ጣታቸውን ወደ መቀሱ ቀለበት አስጠጉ፤ ጠበቅ ብሎ ገባ። ጨርቁ ሲቆረጥ የሚያወጣውን ድምፅ እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም፤ መጠበቅ የማልችለው ሰውዬ ቁጭ ብዬ እስኪያልቅ ጠበቅኩ።

ክንዳቸው እንደ ድሮው አልሆነም፤ ሲደክማቸው ያብጣል። ግን ይሰፋሉ፣ ይበላሉ፣ ጸጉራቸውን ራሳቸው ያበጥራሉ፣ ሌሊት ይተኛሉ። ይህ ሁሉ የተገኘው ለሚያውቅ ሰው በጊዜ በማሳየት ነው። ጉልበት የበዛበት ሁሉ መድኃኒት አይደለም፤ የተደበቀ ሕመምም በራሱ ጊዜ አይተውም።

ላስቲኩ የተፈታው እጅጌ ዛሬ ልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ተሰቅሏል። ልትለካ ገብታ ክንዷን የምትሸሽግ ሴት ካጋጠመቻቸው፣ እትዬ መቀስ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል ያደርጉና እጅጌውን ያወርዱታል።

«ይህን የሰፋሁት እኔ ነኝ» ይሏታል። «አንቺ ደግሞ ያንቺን አሳዪኝ።»