ለእንግዳዋ የሚሆን ክፍል

እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ሙፊዳ? ማኑሄ እባላለሁ፤ የነፋስ ስልክ ሰው ነኝ። አይነሱ፣ አይነሱ… ሻዩንም ተዉት። እሺ፣ ካሉማ አንድ ብርጭቆ።

መካኒሳ እንዴት ደስ ይላል። ወፍጮው ያጓራል፣ ዳቦ ቤቱ ያውዳል፣ ልብስ ሰፊው ደጅ ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ገና ከመኪና ስወርድ የልጆች ኳስ ጭንቅላቴን መታኝ፤ አንዱ ሮጦ መጥቶ "ጋሼ፣ ይቅርታ" አለኝ። ከኳሱ ይልቅ እሱ አስደነገጠኝ። ይቅርታ የሚል ሰው ካጋጠመኝ ቆይቷል መሰለኝ።

መኪናዋ? እቺ በርዎ ላይ የቆመችው ነጭ ዲኤክስ? የእኔ ብትሆን እንዲህ ታበራ ነበር? ያመጣኝ ሰውዬ መኪና ናት። ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ግባ ብለው አይልፉ፤ ጫማው አዲስ ነው፣ ደጅዎ ደግሞ ትንሽ ጭቃ ይዟል። መስኮቱን ዝቅ አድርጎታል፤ ሙቀቱ ነው። እኔ ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ፣ ስናገር ድምፄ ይጎላል። ካስቸገርኩዎ ይቆጡኝ።

የመጣሁት ክፍል ፍለጋ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሹመት አግኝቼ ሆቴል መራጭ ሆኜልዎታለሁ። እንግዳዋ አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ቅዳሜ ከመራቤቴ ይመጣሉ፣ ፋሲካን ልጃቸው ቤት ሊውሉ።

መጀመሪያ እዚያው እኛ ሰፈር አንድ ሆቴል ጠየቅሁ። ለሴት እንግዳ ክፍል ፈልጌ ነበር ስል፣ ልጅቷ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ለሰዓት ነው ለአዳር?" አለችኝ። አሮጊት መሆናቸውን ስነግራት ደግሞ ባሰ። አሁን ሰፈሩ ውስጥ ማኑሄ አሮጊት ይወዳል እየተባለ ነው። ባለቤቴም ሰምታለች፤ እስከ ዛሬ እንዲህ ስቃ አታውቅም።

ሁለተኛው ቄራ መሄጃው ላይ ነው። ከመኝታው ሥር ቡና ቤት አለ፤ ቴፑ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። እንግዳዋ ደግሞ ወፍ ሳይንጫጫ ተነስተው የሚጸልዩ ናቸው። እዚያ ቢሰነብቱ ወይ እሳቸው ይጨፍራሉ፣ ወይ ጠጪዎቹ ይመነኩሳሉ። የእርስዎ ቤት ግን መጠጥ የለበት፣ ጫጫታ የለበት፤ አንሶላው ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ሁዳዴ ስለሆነ እስከ ፋሲካ የሥጋውም ጣጣ የለብንም።

ልጃቸው ቤት የለውም ወይ? ኧረ አለው፣ እትዬ ሙፊዳ… ያውም እንዴት ያለ ቤት። ላፍቶ በኩል ቪላ ሠርቷል። ፎቶውን ልኮላቸው መራቤቴ ግድግዳ ላይ ከማርያም ሥዕል አጠገብ ለጥፈውታል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሳያየው አይወጣም። ምንጣፉን ባዩት። ነጭ ነው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ያን ሰሞን ጫማዬን አውልቄ ስገባ ካልሲዬ ተቀዶ ኖሯል፤ አንዱን እግሬን በሌላው ሸፍኜ እንደ ሽመላ ቆሜ ወጣሁ። ተቀመጥ ያለኝ የለም፤ ሶፋውም ገና ላስቲኩ አልተነሳለትም። ዕቃውን እንዲህ የሚሳሳለት ሰው ዛሬ የት ይገኛል? ታዲያ ቅቤ ተሸክመው የመጡ አሮጊት እዚያ ላይ ሲራመዱ ያስቡት… አይ፣ ልክ ነው። ለምንጣፉም ማሰብ ያስፈልጋል።

እኔ ቤት ይረፉ ብዬ ነበር። የቀበሌ ቤት ነው፤ አንድ ክፍል። ሲዘንብ ጣራው ለማናችንም አያዳላም። ሰውየው ግን ከለከለኝ። "የእኔ እናት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አረፈች ሲባል ስሜ ምን ሊሆን ነው?" አለኝ። የእኔ እናት ነው ያለው። እኔም መቼም እናት አለኝ… አጋጣሚ ሆኖ እሷው ናት።

አዎ፣ ወንድማማቾች ነን። እንደማንመሳሰል አውቃለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እናታችን እህል ሸጣ እሱን አዲስ አበባ አስተማረችው፤ እኔን ደግሞ እህሉን ከጫነችው አህያ ኋላ አሰለፈችኝ። ለሁለታችንም እንደየአቅማችን ነው የሰጠችን። እሱ ኢንጂነር ሆነ፣ እኔም አህያ መንዳት ቻልኩ።

ይሄንንም መላ ያመጣው እሱ ነው፤ የተማረ ሰው መላ አያጣም። "ንፁህ ሆቴል ፈልገህ የእኔ ቤት ነው በላት። ዓይኗ ደክሟል፣ ከፎቶው ጋር አታስተያየውም" አለኝ። ስለ ዓይኗ መድከም እንዴት እንደሚጨነቅ ያያሉ? እንግዲህ እርስዎን ምራቴ ብላ ታቅፍዎታለች። የፋሲካውን ቅቤ ለእርስዎ ታስረክባለች። ጠዋት ተነስታ የልጄ ግቢ ነው ብላ ትጠርግልዎታለች፤ ክፍል የያዙትን ሰዎችም የማን ልጅ ናችሁ እያለች ትጠይቃለች። ይሄ ሁሉ ምንም አይደል፤ እርስዎም ሆደ ሰፊ ይመስሉኛል።

ያስቸገረኝ ሌላ ነው። እናታችን የልጇ አዲስ ቤት ዝም ብላ አትገባም። ደፉ ላይ ትቆማለች፣ ነጠላዋን ታደገድጋለች፣ መቃኑን በእጇ ይዛ ትመርቃለች። "ቤትህ አይጉደል፤ ደግ ሰው ይግባበት፤ ክፉ አይይህ።" እኛ ጎንበስ ብለን አሜን እንላለን። በዚያ ጉልበቷ አውቶቡስ ተሳፍራ የምትመጣው ለዚህ ነው፤ ለሌላ አይደለም። ያንን ምርቃት እንግዲህ የእርስዎ ደፍ ላይ ልታወርደው ነው። ለእርስዎ አልሰስትም፤ ይገባዎታል። እኔ ግን አጠገቧ ቆሜ አሜን ልል ነው። ቤቴ ሆኜ ተለማመድኩት… አልወጣ አለኝ። ውሸት እችላለሁ፣ ባለቤቴ ምስክሬ ናት። ይሄኛውን ግን አልቻልኩም። አፈርኩ፣ እትዬ ሙፊዳ። እንደ ልጅ አፈርኩ።

ስለዚህ ክፍሉን ያዙልኝ፤ ግን ለእኔ። እንግዳ ሲመጣ አልጋውን የሚለቀው ባለቤቱ አይደል? እሷ እኔ አልጋ ላይ፣ ባለቤቴና ልጆቹ እግሯ ሥር፣ እኔ እዚህ። ሂሳቡ አያሳስብዎ፤ ሰውየው ለቤተሰብ ነው ብሎ ራሱ ሊችል ነው። እኔም ሲቸግር ቤተሰብ ነኝ። ደፍ መመረቁ ካልቀረም የእኔው ይመረቅ፤ ማን ያውቃል፣ ጣራውን ይደፍነው ይሆናል። የታላቅህስ ቤት የታለ ያለችኝ እንደሆን፣ ገና አላለቀም እላታለሁ። ያልተመረቀ ቤት አለቀ ይባላል? ይሄ ውሸት አይደለም።

ይኸው፣ ሞተሩን አስነሳው። ሥራ አለበት፣ ይሂድ… እኔ በታክሲ እመለሳለሁ። ግን መስኮቱን ሳይዘጋ ልመርቀው፤ ከእናቴ የወረስኩት መመረቁን ብቻ ነው።

ዕድሜ ይስጥህ። ነጩ ምንጣፍህ አይቆሽሽብህ። ልጆችህን በወግ በማዕረግ ያሳድግልህ፤ አንድም ሳይቀር አንተን ይምሰሉ። ስታረጅ፣ ዓይንህም ሲደክም፣ አንተ ለእናትህ እንዳሰብክላት እነሱም ያስቡልህ። አንሶላው የነጣ፣ ደጁ ላይ የሰው ልጆች የሚጫወቱበት፣ ጥሩ ሆቴል ይምረጡልህ።

አሜን።

ሰሙ፣ እትዬ ሙፊዳ? ይሄኛውስ ወጣልኝ።