ለሙት የተጻፈ መልስ

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ደረጃው ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ድንገት ተገጣጠሙ። ልጅቷ የድርጅቱን ኮምፒውተሮች የምትጠብቅ ባለሙያ ናት። ፊታቸው አመድ መስሎ ስታይ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ሸሪኬ ኢሜይል ላከልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ዛሬም።»

ሸሪካቸው ከሞቱ ሰንብተዋል። ደብዳቤው ግን ሟቹ ብቻ ባለቤቱን ይጠሩበት በነበረው ስም «አንተ ግትር» ብሎ ይጀምርና የተያያዘውን ፋይል ክፈት ይላል።

«መለሱለት እንዴ?»

«ታዲያስ። ለመጣ ደብዳቤ ሁሉ ስመልስ ኖሬያለሁ፤ ዝም ማለት ነውር ነው።»

አጭበርባሪ ደግሞ እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል?

«ሙት አይጽፍም፣ ጋሼ። የሟቹን የድሮ መልእክቶች የሰረቀ ሰው ነው። በመለሱለት ቁጥር እዚህ ቤት ሰው አለ እያሉት ነው። የኢሜይል ማጣሪያ እንትከል ብዬ የምጨቀጭቅዎት ለዚህ ነው።»

«ማጣሪያሽ የደንበኛ ትእዛዝ ቢጥልብኝስ? ደግሞስ...» አቀረቀሩ። «እሱ ቢሆንስ? ከእሱ የቀረኝ ይኼ ብቻ ነው።»

ልጅቷ አንድ ደረጃ ወርዳ አጠገባቸው ቆመች።

«ዝም ብሎ የሚጥል ዓይነት አለ፤ እሱን አልፈልግም። ደብዳቤያችንን ለባዕድ የሚያስነብብም አለ፤ እሱም ይቅርብን። እኔ የመረጥኩት እዚሁ ሰርቨራችን ላይ የሚጫነውን ነው። ላኪው እውነተኛ መሆኑን ይመረምራል፤ የጠረጠረውን ሳያጠፋ ለብቻው ያቆየዋል። ሲሳሳት እናርመዋለን፣ እሱም ይማራል።»

«እስቲ ይሞከር» አሉ ሳይወዱ።

ማጣሪያው በተተከለ ማግስት ተይዘው የቆዩትን ደብዳቤዎች አብረው ከፈቱ። የሸሪካቸው ደብዳቤ እዚያው ነበር። ከሥሩ ባለው ሌላ ደብዳቤ ላይ ግን የላኪው ስም የራሳቸው የባለቤቱ ነው፤ የተጻፈውም እዚሁ ማተሚያ ቤት ፊደል ለምትለቅመው ለሸሪካቸው ልጅ ነው። «የዓይኔ ብርሃን፣ እንዴት ሰነበትሽ? አባትሽ ጽፎልኛል። የተያያዘውን ክፈቺ።»

ሽማግሌው ደብዳቤውን ደግመው አነበቡት። «እኔ አልጻፍኩትም። አነጋገሩ ግን የኔ ነው።»

«ከመልሶችዎ ለቅመው ነው የተማሩት» አለች የእህታቸው ልጅ።

ሽማግሌው ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጉ። «በእኔ ይጫወቱ ነበር፤ እሺ። በሸሪኬ ልጅ ሐዘን ግን አይጫወቱም።» የወዳጃቸውን ስም ለመጨረሻ ጊዜ አይተው «አይፈለጌ መልእክት» የሚለውን ራሳቸው ተጫኑ። እንባቸውን አልደበቁም።

ከዚያ ወዲህ የደንበኞች ትእዛዝ በቆሻሻ መሐል አይጠፋም፤ ሠራተኛውም ደብዳቤውን ሳይሰጋ ይከፍታል። የሸሪካቸው ልጅ አባትሽ ጻፈ የሚላት ሳይኖር ሥራዋን ትሠራለች። ማጣሪያው ይዞ በሚያቆያቸው ደብዳቤዎች መሐል ግን ያ ጠሪ ዛሬም «አንተ ግትር» እያለ ይጠራል። አቤት የሚለው የለም።