ለአሥር ቀን ማኅተም

— ሄሎ?… አቤት… አዎ፣ ነኝ… አለች፣ እዚሁ አጠገቤ ናት… ለምንድን ነው የማይነገረው?… እሺ፣ እሺ። አንድ ደቂቃ።

— እታለም፣ የሥራ ስልክ ነው፣ በረንዳ ላይ ላናግር። አንቺ ቀጥዪ። ሴናተሮች ስንት ናቸው የሚለው ላይ ነን… አይደለም፣ ሃምሳ የስቴቱ ቁጥር ነው። መቶ። መቶ ብለሽ ጻፊው።

— እሺ ኤልዳና፣ ወጣሁ። በሩንም ዘጋሁት። አጎትሽ በዚህ ዕድሜው እናትሽን መዋሸት ጀምሯል፣ ምክንያቱን ልስማ።

— … ጃፓን?… ኧረ ደስ ይላል። መቼ?… ማክሰኞ። ዛሬ ቅዳሜ ነው… ለቫኬሽን፣ አሥር ቀን። እና ይሄ ምኑ ነው ከእናት የሚደበቀው?… እንቅልፍ አይወስዳትም። እሱስ እውነትሽን ነው። አንቺ ከሲልቨር ስፕሪንግ እዚህ አሌክሳንድሪያ ስትመጪ እንኳ መስኮት ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀው። ሐሙስ ደግሞ የሲቲዝንሺፕ ቃለ መጠይቋ ነው፣ ጥያቄው ካሁኑ እየጠፋት ነው… እሺ። ከፈተናው በኋላ ይነገራታል። ከኔ አይወጣም። እኛ ቤት መንገድ የሚወራው ከደረሱ በኋላ ነው፣ ያደግንበት ነው።

— አዎ፣ ሰባት ዓመት ኖሬበታለሁ። ሐማማትሱ፣ የመኪና ወንበር ስሰፋ። አንቺስ የት ነሽ?… ቶዮሃሺ። ከኔ ከተማ በባቡር ግማሽ ሰዓት ነው… አይ፣ ምንም። ለቫኬሽን ቶዮሃሺ የሚሄድ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፣ ግን ጥሩ ከተማ ነው።

— የት ልብላ? ጎሽ፣ ደህና ጥያቄ ነው። ሌላው ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሳሙራይ ነው። ጻፊ። መጀመሪያ ሚቺኮ ሳን የሚባሉ ሴትዮ ዘንድ ትሄጃለሽ። ሳን ማለት እንደኛ እትዬ ነው። ምሳ በሣጥን ይሸጣሉ፣ ከጣቢያው ጀርባ፣ ብስክሌት ጠጋኙ አጠገብ… አይ፣ ተዪው። ሰርዢው። ተዘግቷል… ምን ላድርግ፣ አፌ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነው።

— እሺ፣ ቁጥር አንድ ኮንቢኒ። የማዕዘን ሱቅ ነው፤ እዚህ ነዳጅ ማደያ ውስጥ እንዳለው፣ ግን ምግቡ ይበላል። ጠዋት ጠዋት ሦስት ማዕዘን ሩዝ አለ፣ ኦኒጊሪ ይባላል። ላስቲኩ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚል ቁጥር አለው፣ በቁጥሩ ተራ ነው የሚከፈተው። እኔ ሁለት ወር ሙሉ በጥርሴ ከፈትኩት። ሩዙ አንድ ቦታ፣ የተጠቀለለበት የባሕር ቅጠል ሌላ ቦታ። ቁጥሩን ያየሁት በሦስተኛው ወር ነው። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሰው ለምን ፊቱን እንደሚያዞር የገባኝም ያኔ ነው… ሳቂ፣ ግን ጻፊው።

— ማታ ማታ ሱፐርማርኬት። ወደ አንድ ሰዓት ገደማ፣ በነሱ ሰባት፣ አንድ ሠራተኛ ስቲከር ይዞ ይወጣና የቀረው ምግብ ላይ ግማሽ ዋጋ እያለ ይለጥፋል። ተከተዪው፣ ግን አትጠጊው። ሁሉም ሰው ይከተለዋል፣ ማንም ግን እየተከተለው አይመስልም። እጅሽ ላይ ሽንኩርት ያዢ፣ ሽንኩርት የያዘ ሰው የራሱ ጉዳይ ያለው ይመስላል።

— ቲፕ የለም። በጭራሽ። እኔ አንዴ ኑድል ቤት ሳንቲም ትቼ ወጣሁ፣ አስተናጋጇ ሁለት መንገድ አቋርጣ ሮጣ መለሰችልኝ። እሷ ይቅርታ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ዝናብ ነበር፣ ሁለታችንም በሰበስን።

— ኑድሉን ድምፅ እያሰማሽ ምጠጪ። እዚህ ላይ እናትሽ ያስተማረችሽን እርሺው። ባቡር ውስጥ ደግሞ ስልክ አይወራም። እንደዚህ እንደ ስካይላይን ሕንፃ ሊፍት አይደለም፣ እስከ ሃያኛው ፎቅ የሰው ፍቺ ሰምተሽ የምትወርጂበት።

— ጾሙን?… አዎ፣ ሁዳዴ ነው፣ ረስቼው ነው እንጂ። ተጠንቀቂ። ሾርባው ዓሣ አለበት። ቶፉው፣ የአኩሪ አተሩ አይብ፣ ሾርባ ውስጥ ከገባ ዓሣ አለበት። ጎመኑም አለበት። አትክልት ብቻ ነው ይሉሻል፣ አይዋሹሽም፣ እነሱ የዓሣውን ውሃ እንደ ውሃ ነው የሚያዩት… እኔማ ሰው ነበረኝ። ሚቺኮ ሳን… አዎ፣ የተዘጋው ቤት። ረቡዕና ዓርብ የኔን ሣጥን ለብቻው ነበር የሚሠሩት፣ ያለ ዓሣ፣ በባሕር ቅጠል ብቻ። ግድግዳቸው ላይ ሩዝ አከፋፋዩ የሰጣቸው ካላንደር ነበር። ዓቢይ ጾምን ሃምሳ አምስቱንም ቀን በእርሳስ ያከብቡት ነበር። አንድ ዓመት ጾሙ መግባቱን የሰማሁት ከሳቸው ነው።

— ቆሻሻ? ኧረ እሱ ትልቅ ነገር ነው። የሚቃጠለው በሳምንት ሁለቴ፣ ላስቲክ ረቡዕ፣ ጠርሙስ በወር… ቆይ፣ ሆቴል አይደለም እንዴ የምታርፊው?… ጓደኛ ቤት። እሺ። ከነጋ በኋላ ነው የሚወጣው፣ ማታ ካወጣሽ ያድርና በርሽ ላይ ተመልሶ ታገኚዋለሽ። ማን እንደመለሰው አታውቂም። እኛ ሰፈር ስም ይጻፍበት ነበር። በፈቃዱ የሚለው ስሜ በነሱ ፊደል ላስቲኩን ዞሮ ይገጥማል።

— ሩዝ ማብሰያ?… ትንሹን ግዢ፣ የሦስት ኩባያውን… ኤልዳና፣ ሩዝ ማብሰያ እዚህም ይሸጣል… ለትዝታ። እሺ።

— የስም ማኅተም? አዎ፣ ኢንካን ይሉታል። ጣቢያው አካባቢ ይቀርጹልሻል፣ ኤልዳና የሚለው አጭር ስለሆነ ያምራል። ለባንክ ነው፣ ለቤት ውል ነው፣ ለደመወዝ…

— …

— ኤልዳና። ለአሥር ቀን የሚሄድ ሰው ማኅተም አያስቀርጽም።

— … ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?… አለሽ። ስትተነፍሺ ይሰማኛል… በአማርኛ ንገሪኝ። ኢትስ ኮምፕሊኬትድ የሚለውን በአማርኛ በዪኝ… እንግሊዝኛ ልታስተምሪ። አንድ ዓመት… የሚታደስ። እስከ ስንት?… እስከ አምስት። አፓርትመንቱስ?… ለቀቅሽው። መኪናው?… ለጓደኛሽ ለሄኒ ሸጥሽለት። እና ባለፈው ቅዳሜ መኪናዬ ጋራዥ ነው ያልሻት… እሺ። እናትሽ እኮ ገና ጋራዡን እየረገመች ነው።

— አልተቆጣሁም። ድምፄ እንዲህ ነው።

— እና ደርሰሽ ልትደውዪላት። እዚያ ሆነሽ… ታለቅሳለች። ፈተናው ይበላሽባታል… ያንን የመጨረሻውን ድገሚው… ካለቀሰች እቀራለሁ። እሱ ነው እንግዲህ እውነተኛው። ገባኝ። እናትሽ ሐሙስ ከዚያ ቢሮ ስትወጣ መጀመሪያ የምትደውለው ለማን ይመስልሻል? አልፌያለሁ ልትልሽ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ትደውላለች፣ ስልኩ ዝግ ነው… ቀጥላ ወደኔ ትደውላለች፣ እኔ ነኛ የማነሳላት። እኔ ምን ልላት ነው?

— ምነው እታለም?… ገና ነው፣ አላለቀም… አዎ፣ የጃፓን ወሬ ነው፣ ሰው ሊሄድ ነው… አይ፣ ሊኖር ነው… ወጣት ነው… እናቱማ አለች… አልነገራትም… ምን ልበለው?… እሺ፣ እነግረዋለሁ። ዝጊው፣ ይበርዳል።

— ሰማሻት?… አልሰማሽም። እናቱ ምን በልቶ እንደሚያድር ታውቃለች ወይ ብለህ ጠይቀው አለችኝ። ጃኬትም ይያዝ ብላለች።

— … እሺ፣ አልቅሺ። እኔ እዚህ ቆሜያለሁ።

— ጻፊ ያልኩሽን በሙሉ ሰርዢው። ለአሥር ቀን የሚበላና ለዓመት የሚበላ አንድ አይደለም። ለዓመት ከሆነ የምነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰፈርሽ ውስጥ አንዲት ምሳ ቤት ምረጪ፣ ጥሩ ባትሆንም ግድ የለም። በየቀኑ እዚያ ግዢ። በወሩ ስምሽን ይይዙታል፣ በዓመቱ የማትበዪውን ያውቁታል። ሳትታመሚ አትቅሪባቸው። ስትሄጂ ደግሞ ንገሪያቸው።

— ሚቺኮ ሳንማ… ልንገርሽ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዲቪ ሲደርሰኝ ዝም አልኩ። ቪዛው ተመትቶ ፓስፖርቴ እጄ ገብቶ እንኳ ዝም አልኩ። አውሮፕላኑ እስኪነሳ ማን ያምናል። ልክ እንደ አሁኑ ሁዳዴ ነበር። ዓርብ ጠዋት ከሥራ በፊት ሣጥኔን ተቀበልኩ፣ ገና ይሞቃል። በጃፓንኛ «ማታ አሺታ» አልኳቸው፣ እስከ ነገ ማለት ነው። እሳቸውም «ማታ አሺታ» አሉኝ። ቅዳሜ አውሮፕላን ላይ ነበርኩ።

— ከዓመት በኋላ አብሮኝ ይሰፋ የነበረ አንድ ብራዚላዊ በፌስቡክ አገኘኝ። ሴትዮዋ ታሟል ብለው እስከ ፋሲካ ድረስ የጾሙን ሣጥን በየጠዋቱ እየሠሩ ያስቀምጡልህ ነበር አለኝ። ካላንደሩ ላይ በእርሳስ የተከበበው ቀን ሲያልቅ ዶሮ ሠርተው ፋብሪካው በር ድረስ ይዘው መጡ። ጥበቃው አሜሪካ ሄዷል አላቸው። እሺ ብለው ሣጥኑን ለጥበቃው ሰጥተው ተመለሱ።

— ለምን አልደወልኩም?… ምን ብዬ? እስከ ነገ ያልኩት ሰውዬ ነኝ ልበል? ዛሬ ነገ ስል ሱቁ ተዘጋ… አላውቅም። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ሰው የት ልብላ ባለኝ ቁጥር የተዘጋ ቤት ነው የምነግረው። አፍራለሁ፣ ኤልዳና። ቢያለቅሱብኝ ይሻለኝ ነበር።

— አይ፣ አልነግራትም። ቃል ሰጥቼሻለሁ። ይሄንን ስልክም አልሰጣትም። እሷ የራሷ ስልክ አላት፣ ቁጥሩን ታውቂዋለሽ።

— ካለቀሰች ታለቅሳለች። ፈተናው ሐሙስ ነው፣ ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ቁጭ ብዬ አስጠናታለሁ። አንቺም ትሄጃለሽ፣ ሰው እየተለቀሰለትም ይሄዳል። እያለቀሰች ሻንጣሽን ከፍታ እንደገና ታጥፈዋለች፣ ሽሮ ትጨምርበታለች፣ ክብደቱ ያልፋል፣ ኤርፖርት ላይ ሁለታችሁም መሬት ቁጭ ብላችሁ ታወጡታላችሁ። እንዲህ ነው የሚኬደው… አላውቅም ምን ብለሽ እንደምትጀምሪ። ማኅተም ላስቀርጽ ነው ብለሽ ጀምሪ… እየቀለድኩ አይደለም።

— ሄሎ?… ኤልዳና?… ሄሎ?

— ዘጋችው።

— … መጣሁ እታለም። ጨርሰናል… ነገርኩት፣ ጃኬቱንም ነገርኩት… እንጃ፣ ስልኩን ዘጋው። ሻዩ ይቀዝቅዝ፣ ግድ የለም። የት ደርሰናል?… ባንዲራው ላይ ስንት ኮከብ አለ። በዪ… ሃምሳ። አዎ፣ እዚህ ላይ ሃምሳ ትክክል ነው። ለምን ሃምሳ ሆነ?… አስቢ፣ አልነግርሽም… ከቅድም ጀምሮ ስትዪው የነበረ ነው…

— ያንቺ ስልክ ነው የሚጠራው። ቦርሳሽ ውስጥ ነው… መነጽሩን ተዪው፣ እኔ አየሁት፣ ኤልዳና ናት… ኮከቡ ይቆየናል፣ እታለም። አንሺው።