ወሬው ከማን አፍ ወጣ?

የታብሌቶቹን መስታወት በጨርቅ እየጠረግሁ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሳድል ጋሽ ታሂር ሳያንኳኩ ገቡ። ከቆቦ ወጣ ብሎ ማሽላ የሚያርሱ፣ በበጋም ወደ አፋር ወርደው ከብት የሚነግዱ ሰው ናቸው። ልጃቸው ኢቅራ ከፊት ትቀመጣለች።

«መምህርት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ኢቅራ፣ ተነሺ፤ እንሂድ!»

«ምነው ጋሽ ታሂር፣ ሰላም አይደለም?»

«ምን ሰላም አለ! ታጣቂ እዚህ ቅርባችን ዋጃ ከተማ ገብቷል። አራሷን ሚስቴን አህያ ላይ አስቀምጬ ወደ ዞብል ተራራ ልወጣ ነው። ማሽላው ለወፍ ይቅር።»

የሽሽትን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዳንዱ ልጅ ቦርሳውን አንግቦ ነበር።

«ማን ነገርዎ?»

ስልካቸውን አውጥተው የተላከላቸውን ድምፅ ከፈቱት። አንድ ሰው እያለከለከ ይጮሃል፦ «ወገኖቼ፣ ዋጃ ገብተዋል! ውጡ! ለሌላውም አስተላልፉ!»

«አባ፣ ይሄ ሰውዬ ማን ነው?» አለች ኢቅራ።

«እኔ ምን አውቄ!»

«ቲቸር ማን፣ የት፣ መቼ ብላችሁ ጠይቁ ብላናለች።»

«ይሄው ትምህርት! ቤት ሲቃጠል የእሳቱን ስም ጠይቁ!»

መናገር ፈራሁ። ብሳሳት ዋጋውን የምትከፍለው አራሷ ናት። ዝም ብልም ያቺው ሴት ጨቅላዋን ታቅፋ ዳገት ልትወጣ ነው።

«ጋሽ ታሂር፣ አፋር ሲወርዱ መንገደኛ የነገረዎትን ሁሉ ያምናሉ?»

«እንዴት ተደርጎ! ዳጉ አለ እኮ፤ የአፋሮች የወሬ ወግ ነው። ቁጭ ብለን ‹አየህ ወይስ ሰማህ? ከማን? የት? መቼ?› እያልን እናወጣጣዋለን። አንዴ የዋሸን ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የለም።»

«ታዲያ ይሄኛው ስልክ ውስጥ ስለሆነ ሳይጠየቅ ይታለፋል?»

ኢቅራ ቀስ ብላ ስልኩን ተቀበለቻቸው። «አባ፣ ልድገመውና አንተው ጠይቀው።»

ድምፁ እንደገና ጮኸ። «ስምህ ማን ነው?» አሉት፤ ስም የለውም። «የት ቆመህ አየህ?» እሱም የለም። «መቼ?» ብለው ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ቆይ፣ መልሺው።»

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። እኛ የስልክ ጩኸት የመሰለን ነገር ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነበር።

«ይሄ የክረምት ዝናብ ነው። በዚህ በኅዳር ዋጃ ላይ መቼ ዘነበ?»

«ዝናቡ ብቻውን አይበቃም» አልኩ። «ዋጃ የሚያውቁት ሰው አለ?»

የሚስታቸው ወንድም ኸይረዲን አለ። ደወሉለት፤ አያነሳም። ከአስፋልቱ የከባድ መኪና ጡሩንባ ሲጮህ ክፍሉ በሙሉ ዘለለ። እንደገና ደወሉ።

«ምነው? ማሽላ እያጨድኩ ነው!» አለ ኸይረዲን። «ዋጃ ሰላም ነው። ተው፣ አራሷን እንዳታንቀሳቅሳት!»

ጋሽ ታሂር የተማሪ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። «ጎረቤቴ ግን ሊሸሽ ዕቃውን እየጫነ ነው። ድምፁን ያስተላለፍኩለት እኔ ነኝ። በዳጉ ቢሆን ዋሾው እኔ ነበርኩ!»

«ሊታረም ይችላል።»

«እውነት የሆነ ቀንስ፣ ልጄ?»

ይህን ጥያቄ እኔም ሌሊት ሌሊት እጠይቀዋለሁ። «ያን ቀንም ጠይቀን እንውጣ። አለዚያ ወደምንሸሸው ነገር ልንሸሽ እንችላለን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊደል የቆጠረ ልጅ ስልክ ያመጣለትን ቃል ካልመረመረ ንባቡ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሲመረምር ግን ማሽላው ይታጨዳል፤ አራስ ከአልጋዋ አትነሳም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን አያስደነግጥም። ፍርሃቱ አይጠፋም፤ ዓይን ግን ይኖረዋል።

«ኢቅራ፣ ነገም ከነገ ወዲያም ትመጫለሽ» አሉ ጋሽ ታሂር። «አሁን ግን የምልሽን ጻፊ።»

ጻፈች። «አንብቢልኝ» አሏት።

«‹እኔ ታሂር ነኝ፤ ያለሁት ቆቦ ነው። ዛሬ ሐሙስ ጠዋት ዋጃ ያለውን ኸይረዲንን በስልክ አግኝቼዋለሁ፤ ሰላም ነው። የላክሁላችሁ ድምፅ የዛሬ አይደለም። ሳልጠይቅ አስደንግጫችኋለሁ፤ አውፍ በሉኝ፣ ይቅርታ።›»

ድምፁን ለላኩላቸው ሁሉ በገዛ ጣታቸው ላኩት። ከዚያ ስልኩን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው የኪሱን ቁልፍ ቆለፉ።