ሁሉም ቀን መቶ አስር

ሐዋሳ፣ እሑድ ረፋድ፤ የተማሪዎች ሰርቪስ ሾፌሩ ሰይፈ እና ሚስቱ ትርንጎ ሳሎናቸው ውስጥ ናቸው፤ የስኳር ሕመምተኛው ሰይፈ ውፍረት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ጥገና ካደረገ ሰባት ወሩ ነው።

ሰይፈ፦ ቁልፉን አምጪ አልኩሽ እኮ። መኪናውን ላጥብ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ትርንጎ፦ አልሰጥህም።

ሰይፈ፦ ነገ ሰኞ ነው፣ ትርንጎ። አሥራ ሁለት ልጆች በር በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

ትርንጎ፦ እኔንም ያስጨነቁኝ እነሱ ናቸው። ሰናይት ደውላ ነበር።

ሰይፈ፦ የቷ ሰናይት?

ትርንጎ፦ ጋቢና የምትቀመጠዋ የኤልዳና እናት ናታ። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመልሳቸው መኪናው አስፋልቱን ለቆ ቦይ አፍ ላይ ነው የቆመው ብላታለች ልጅቷ። «ጋሼ ሰይፈ ዓይናቸው ተከፍቶ፣ ስጠራቸው አይሰሙኝም» ነው ያለችው።

ሰይፈ፦ ውሻ ገብቶብኝ ነው። ለቤተሰቦቿም የነገርኳቸው ይኼንኑ ነው።

ትርንጎ፦ ምንም ውሻ አላየሁም ብላለች።

ሰይፈ፦ የስምንት ዓመት ልጅ እኮ ናት! ያልሆነውን ታወራለች።

ትርንጎ፦ እሺ፣ ይኼስ? ስኳርህን እየለካህ ጻፍበት የተባልከው ደብተር።

ሰይፈ፦ ጽፌያለሁ አይደል እንዴ?

ትርንጎ፦ ጽፈሃል። መቶ አስር፣ መቶ አስር፣ መቶ አሥራ ሁለት፣ ደግሞ መቶ አስር። ሁለት ወር ሙሉ!

ሰይፈ፦ ደህና ነኝ ማለት ነዋ።

ትርንጎ፦ መለኪያውን ከፍቼ አየሁት። ለመጨረሻ ጊዜ የተለካኸው ከሁለት ወር በፊት ነው።

ሰይፈ፦ ከጭንቅላቴ ነው የምጽፈው። አዎ። ደስ አለሽ?

ትርንጎ፦ ለማን ብለህ ነው?

ሰይፈ፦ ደብተሩን ስታዪ ፊትሽ ይፈታል። ለዚያ ነው።

ትርንጎ፦ ባለፈው ወር ሐኪሙ ጋ ሄጃለሁ ያልከኝስ?

ሰይፈ፦ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ተመለስኩ። ከዚያ በፊትም እንዲሁ።

ትርንጎ፦ ሐይቁ ዳር ምን ስትሠራ?

ሰይፈ፦ ምንም። ተቀመጥኩ፣ ሰዓቱ ሲደርስ መጣሁ።

ትርንጎ፦ ኢንሱሊኑንስ ስንት ነው የምትወጋው?

ሰይፈ፦ ከሆስፒታል ስወጣ የታዘዘልኝን።

ትርንጎ፦ ያኔ እኮ ከአሁኑ በሠላሳ ኪሎ ትበልጥ ነበር! ኪሎው በወረደ ቁጥር መርፌውም ይቀነሳል፣ ምናልባትም ጭራሽ ሊቀር ይችላል ሲሉ አብረን ነው የሰማነው። በየወሩ ና ያሉህ ለዚህ ነው።

ሰይፈ፦ ረስቼው ነው በይ።

ትርንጎ፦ ዛሬስ ተወግተሃል?

ሰይፈ፦ ተወግቻለሁ።

ትርንጎ፦ እንቁላሉ ግን ሳህኑ ላይ እንዳለ ነው።

ሰይፈ፦ አልራበኝም። አይርበኝም እያልኩሽ... እ... ለስላሳ ጠጥቻለሁ።

ትርንጎ፦ ለስላሳ? መቼ?

ሰይፈ፦ ቅድም፣ ሁለት ሰዓት ላይ። ሱቁ ጋ። ሲደክመኝ እሱን ስጠጣ ቀና እላለሁ።

ትርንጎ፦ ከዚያ መልሶ ይጥልሃላ! እንዲህ የተቀነሰ ሆድ ጣፋጭ ሲገባበት ስኳሩ ሽቅብ ይወጣና ትንሽ ቆይቶ ቁልቁል ይወርዳል ብላን የለ የሆስፒታሉ ሲስተር? ሰይፈ፣ ግንባርህ ለምንድን ነው የሚያልበው?

ሰይፈ፦ ቁልፉን... መጥረጊያውን ስጪኝ።

ትርንጎ፦ ምን አልክ?

ሰይፈ፦ ቁልፉን ላጥብበት... መኪናውን።

ትርንጎ፦ ተቀመጥ። ተቀመጥ አልኩህ! ጣትህን ስጠኝ... አርባ ዘጠኝ። አርባ ዘጠኝ ድረስ ወርዷል፣ ሰይፈ! በል ይኼን ጠጣ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው የበጠበጥኩበት። ቀስ ብለህ። ጨርሰው።

ሰይፈ፦ ጨረስኩት።

ትርንጎ፦ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቀን እንደገና እንለካለን። እያወራኸኝ ቆይ፣ ዝም እንዳትል።

ሰይፈ፦ ምን ላውራሽ?

ትርንጎ፦ እውነቱን።

ሰይፈ፦ እውነቱማ ውስጤ ባዶ ነው። ሰው መንገድ ላይ ያስቆመኝና «እንዴት አማረብህ!» ይለኛል። አመሰግናለሁ እላለሁ። ሌላ ሰው የሚያደንቁ ነው የሚመስለኝ።

ትርንጎ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ሰይፈ፦ ምን ብዬ? ቅዳሜ ቅዳሜ ከሾፌሮቹ ጋር ሥጋ ቤት እሄድ አልነበር? ሁለቴ ጎርሼ እጄን ስሰበስብ እነሱም መብላት ያፍራሉ። ቆይተው መጥራቱን ተዉት። የሚገርመኝ እኮ አልከፋኝም።

ትርንጎ፦ እኔስ? ስገባ ስወጣ?

ሰይፈ፦ አይሻለሁ። ድምፅሽንም እሰማለሁ። ግን ከመስኮት ወዲያ የቆምሽ ነው የሚመስለኝ።

ትርንጎ፦ ዓርብስ?

ሰይፈ፦ ውሻ አልነበረም።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ።

ሰይፈ፦ ስነቃ ኤልዳና ክንዴን ይዛ ትጎትተኛለች። ከኋላ ያለቅሳሉ። ቦዩ ውስጥ ለመግባት አንድ ክንድ ነው የቀረን። ምን እንደተሰማኝ ታውቂያለሽ? ምንም። የኋላ ማርሽ አስገብቼ ወጣሁ፣ አንድ በአንድ በራቸው ላይ አወረድኳቸው።

ትርንጎ፦ ...ጣትህን። ሰማንያ ስድስት። እሺ፣ ተመስገን። አሁን እንቁላሉን ብላ፣ ትንሽ ትንሽ እያልክ፣ በደንብ እያላመጥክ።

ሰይፈ፦ አልራበኝም።

ትርንጎ፦ ባይርብህም ሰዓቱ ስለደረሰ ትበላለህ። እኔ አሁኑኑ ለሲስተሯ እደውላለሁ፤ ቀጣዩን መርፌ እሷ ሳትነግረን አትወጋም። ነገ ሐኪሙ ጋ አብረን እንገባለን። ምንም አይሰማኝም ያልከኝንም ለሱ ትነግረዋለህ።

ሰይፈ፦ ልጆቹስ?

ትርንጎ፦ ወንድሜ ይነዳልሃል፣ ተስማምቷል። ለወላጆቹ ጉንፋን ይዞት ነው እላለሁ። ስምህ አይነሳም።

ሰይፈ፦ ኤልዳናንስ ምን አሏት?

ትርንጎ፦ አባቷ ያመነው አንተን ነው። የሰው ስም ታጠፊያለሽ ብሎ ተቆጥቷታል። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀምስም ብላለች። ሰናይት ልቧ ስላልተቀበለው ነው የደወለችልኝ። ነገ ጠዋት መኪናው ሲመጣ ይቅርታ እንድትጠይቅህ አዟታል።

ሰይፈ፦ እኔን?

ትርንጎ፦ አንተን።

ሰይፈ፦ ስልኩን አቀብዪኝ።

ትርንጎ፦ መጀመሪያ እንቁላሉን...

ሰይፈ፦ እበላለሁ። መጀመሪያ ስልኩን... ሄሎ፣ ሰናይት? ሰይፈ ነኝ፣ የሰርቪሱ። አባቷ አለ? ኤልዳናስ? ድምፁን ከፍ አድርጊውና ሁሉም ይስሙኝ። ልጅቷ አልዋሸችም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።