የዘፋኝ አቋቋም

ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ሰሞን ነው። ከቡልጋሪያ ሙዚቃ ተምራ የተመለሰችውና የክልሉን ኪነት ቡድን ድምፅ እንድታስተምር የተቀጠረችው ሪም ወደ አሶሳ ገበያ ወርዳ፣ ከቡድኑ ነባር አሠልጣኝ ከአቶ ማህጁብ ጋር ማንጎ ተራው ላይ ተገጣጠመች። ሰላምታው ገና ሳያልቅ ሰውየው ፊታቸውን አኮሳተሩ።

“ያ ሪም፣ ልጆቹን ወለል ላይ ታስተኛለሽ አሉ። የምታስተምሪው ዘፈን ነው እንቅልፍ?”

“ዐሚ ማህጁብ፣ አጎቴ፣ በር ዘግተን፣ ሴቶች ብቻ ሆነን ነው። ጋደም ብለው ትንፋሻቸው የት ድረስ እንደሚወርድ በእጃቸው ይዳስሳሉ። ከዚያ ተነሥተው እየተራመዱ ያዜማሉ።”

“ዘፋኝ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ይቆማል! እኔ ከቀበሌ ኪነት ጀምሮ ያሠለጠንኩት እንዲህ ነው።”

“ብኸይታም እንዲህ ቆማ ነው ጉሮሮዋ የተጎዳው።”

ብኸይታ የቡድኑ መሪ ድምፃዊት ነች። ከፍ ያለው ዜማ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ እየተሰነጠቀ ስላስቸገረ፣ አቶ ማህጁብ ለክልሉ በዓል በሌላ ሊተኳት ወስነዋል። ሪም ይህ ትዝ ሲላት ደሟ ፈላ። እውነቱን ለመናገር፣ ቡልጋሪያ ሳለች የተማረችው ነገር አሶሳ ላይ መሥራቱን እሷም በልቧ ትጠራጠር ነበር። ቢሆንም ወደኋላ አላለችም።

“አባትዎ ዋዛ የሚባለውን የቅል መለከት ይነፉ አልነበር? ተጠንቀቅ ብለው ቆመው ነው የሚነፉት?”

“ወላሂ፣ ማን ቆሞ ይነፋል! እየዞሩ፣ መሬቱን እየረገጡ ነው እንጂ።”

“ታዲያ ለነፊ የተፈቀደውን እርምጃ ለዘፋኝ ማን ከለከለው? እስቲ ጉልበትዎን ገትረው፣ ትከሻዎን ሰቅለው ያዚሙልኝ።”

“ገበያ መሀል? ልታስቂብኝ ነው!”

“ታስተኛቸዋለች እያሉ እኔ ላይ ሲሳቅስ?”

አቶ ማህጁብ እየተነጫነጩ ጀመሩ፤ ድምፃቸው ታነቀ።

“አሁን ጉልበትዎን ላላ ያድርጉና እየረገጡ ይሂዱ።”

ሄዱ። ድምፃቸው ደረታቸውን ሞልቶ ወጣ። ማንጎ ሻጮቹ ቀና አሉ፤ አንዷ፣ “ማህጁብ ዛሬ ሙሽራ ሆነ!” ብላ አጨበጨበች። ሰውየው ግን አልሳቁም። ቆም ብለው ደረታቸውን ዳሰሱ።

“ብኸይታን አልተካትም” አሉ። “አንቺ ዘንድ ትምጣ። ግን እንዳታስጮሂያት።”

“መጀመሪያ ታርፋለች፤ ከዚያ እንተነፍሳለን፤ ዘፈኑ የመጨረሻው ነው።”

በበዓሉ ቀን ብኸይታ መድረኩን እየዞረች ያን ከፍ ያለ ዜማ ሳይሰነጠቅባት አወጣችው። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ሹም ብድግ ብሎ፣ “ምንድን ነው ይሄ? ሥርዓት ይዛችሁ ቁሙ!” ብሎ ጮኸ። ሪም አፏን ሳትከፍት አቶ ማህጁብ መድረኩ ጫፍ ደረሱ።

“ጌታዬ፣ ትንፋሽ ከሆድ የሚነሣው ወገብ ሲላላ ነው። ትከሻ ሲወርድ ጉሮሮ አይጎዳም። ሰውነቷ ሁሉ ካገዛት ይቺ ልጅ ልጆች ወልዳም ትዘፍናለች። ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው ካማረዎት፣ ዘበኛው በር ላይ አለ። ብኸይታ፣ ቀጥዪ!”