ስሙ የጠፋው ብራና

በ፲፰፻፸፰ ዓ.ም. ሐምሌ ሲገባደድ፣ መሪጌታ ወልደጻድቅ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሲመለሱ መንገድ ላይ ከወጣቱ ደብተራ ዘርአ ዳዊት ጋር ተገጣጠሙ። ዓይኑን ማየት የማይፈልጉት ሰው ቢኖር እርሱ ነበር። ሠላሳ ዓመት ባስተማሩበት ደብር አሁን ወሬው ሁሉ «ዘርአ ዳዊት እንዲህ አለ» ሆኗል። መሪጌታ ቀንተው ነበር፤ ቅናቱም እህል አላስበላቸው ብሏል።

ያን ቀን ግን ልባቸው ሞቅ ብሏል። በብብታቸው ከአንድ ሟች ቄስ ቤት የተዋሱት በብራና የተጻፈ ትርጓሜ አለ። የደራሲው ስም የሚጻፍበትን የመጨረሻውን ቅጠል አይጥ በልቶታል። ለፍልሰታ ትርጓሜውን የራሳቸው አድርገው ሊናገሩና የወጣቱን ዝና ሊያስረሱ ቆርጠዋል።

ዝናብ መጣና ሁለቱም አንድ ቋጥኝ ሥር ተጠለሉ። ዘርአ ዳዊት ብራናውን አይቶ የማን ድርሰት እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ።

«የማንም አይደለም» አሉ መሪጌታ። «ስም የለውም። ስም የሌለውን ያገኘ ሰው ይናገረዋል።»

«የኔታ፣ ስሙ ቢጠፋም የደከመበት ሰው ነበረ። ከማን ቤት እንዳገኙት፣ በምን ቃል እንደሚጀምር፣ የቱ ቅጠል እንደጎደለ ይናገሩ። ‹ደራሲውን አላወቅሁም› ማለት ምን ነውር አለው?»

«የራሱ የለውም ይሉኛላ! አንተማ ምን አለብህ፣ የሚያመሰግንህ ሞልቷል።»

ወጣቱም መለሰ፤ «ለትንሣኤ የተመሰገንሁበት ትርጓሜ የእርስዎ ነው። ‹ከመሪጌታ ወልደጻድቅ የሰማሁት› ብዬ ነው የጀመርሁት። እርስዎ ግን ገና ስነሣ ወጥተው ሄዱ።»

መሪጌታ ዝናቡ እስኪያባራ ቀና ብለው አላዩትም።

በፍልሰታ፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ መሪጌታ ተነሡ። መጽሐፉን ከየት እንዳገኙት፣ ደራሲውን እንደማያውቁት ተናግረው የመጀመሪያውን ቃል አነበቡ። ይሄኔ እማሆይ ወለተሐና የሚባሉ መነኩሲት ማልቀስ ጀመሩ።

«የወንድሜ የብርሃነ መስቀል ነው» አሉ። «ሰላ ድንጋይ ሆኖ ሲጽፈው ይህን ቃል ደጋግሞ ያነብልኝ ነበር። መጽሐፉ የጠፋ መስሎኝ አርባ ዓመት አልቅሻለሁ።»

መሪጌታ የራሴ ነው ብለው ቢሆን ኖሮ እማሆይ ፊት ሌባ ሆነው ይቀሩ ነበር። ያወቁትንና ያላወቁትን ለይተው ስለተናገሩ ግን የደራሲው ስም ተገኘ፣ እኅቱ ተጽናኑ፣ የእርሳቸውም ቃል ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ታመነ።

በማግስቱ መሪጌታ በብራናው ኅዳግ ላይ ጻፉ፤ «የደራሲው ስም ብርሃነ መስቀል፤ ይህንንም የነገሩን እኅቱ ወለተሐና።» ብዕሩን ሊያስቀምጡ ሲሉ ቅናታቸው ገና እንዳልለቀቃቸው ተሰማቸው። እንደገና ቀለም ነክረው ከሥሩ ጨመሩ፤ «እውነቱን እንድናገር የመከረኝ ዘርአ ዳዊት ነው።» ከጻፉት ሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደባቸው ይህ መስመር ነበር።